የቱሪስቱ ጠርሙስ

«እዚህ ሰፈር ቢራ የሚጠጣ ሞልቷል፤ ራሱ ቢራ የሆነ ግን ወንድሜ ብቻ ነው» አለች የሟች እህት፣ አፍንጫዋን በመሐረብ እየጠረገች።

ገና የተቀመጡት ሁለት የሟች የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች መሳቅ ይሁን ማዘን የሚጠበቅባቸው ግራ ገባቸው። ለማንኛውም ብለው የሻይ ብርጭቋቸው ላይ አቀረቀሩ። እህትየው የማንንም ፈቃድ አልጠበቀችም። ወንድሟ ከሚስቱ ጋር ባሕር ማዶ ተጉዞ ያየውን የቢራ ፋብሪካ ከበሩ ጀምራ ታስጎበኛቸው ገባች። ቦታውን እግሯ ረግጦት አያውቅም። ያም ሆኖ ከወንድሟ አፍ ደጋግማ ስለሰማችው ክፍሎቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ የማታውቀውን ደግሞ እንደ ወንድሟ ከራሷ ትጨምርበታለች።

ሚስትየው ጥግ ካለው ወንበር ላይ ሆና ትሰማለች። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ሰፈሩ የሚጠራት «ሰፊዋ» እያለ ነው። የለበሰችውን ጥቁር ቀሚስ ራሷ ናት የሰፋችው፤ ልኳን ጠብቆ መሰፋቱ ራሱ ሐሜት ሆኗል። የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ከሆስፒታል ከተመለሰች ወዲህ ቦርሳውን ከእጇ ለይታው አታውቅም። ጓዳ ስትገባ ይዛው ትገባለች፤ ሰው ለመሸኘት ስትነሳ ይዛው ትነሳለች።

«ለጉዞ የተነሳች ነው የምትመስለው» አለች ከኋላዋ አንዷ ጎረቤት።

«አንዲት ዘለላ እንባ እንኳ» አለች ሌላዋ።

ሰፊዋ ሁለቱንም ሰማቻቸው። ከስፌት መኪና ጩኸት በላይ የሚወራ ሐሜት ለይቶ ለመስማት የሠለጠነ ጆሮ አላት። እንባ አልመጣላትም፤ ምን ታድርግ? ዙሪያዋን ስታይ የሚመጣባት ንቀት ብቻ ነው። እዚያ ማዶ የተቀመጠው የባሏ አለቃ፣ ሰውየው ሲሠራ በኖረባቸው ዓመታት አንድም ቀን ዕድገት ሳይሰጠው፣ ዛሬ «የማይተካ ሠራተኛ» ይለዋል። ጎረቤቷ እያለቀሰች መጋረጃውን በጣቶቿ ትዳብሳለች፤ የጨርቁን ጥራት እያጣራች። ያኛው ሽማግሌ ቀብር ላይ አልነበረም፤ ሻይና ዳቦ በሚቀርብበት ሰዓት ግን ቀርቶ አያውቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የምትንቀው አሁን የሚያወሩለትን ሰው ነው፤ እሱም አፈር ውስጥ ሆኖ ስለ ቢራ ፋብሪካ እያስወራ ነው።

ባሏ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። በየግቢው እየገባ፣ የቆጣሪውን ክዳን እየከፈተ፣ ቁጥሩን አንብቦ ይወጣል። ሰፈሩ ያወጣለት ስም «ቱሪስቱ» ነው። በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው አውሮፕላን የተሳፈረው። የሠራተኞች ማኅበር ባወጣው ዕጣ ለባልና ሚስት የተዘጋጀ የከተማ ጉብኝት ደረሰው፤ ትኬትና ሆቴል ተከፍሎለት። ከዚያ ከተመለሰ በኋላ ቆጣሪ ማንበብ ሰበብ ሆነ። ግቢ ሲገባ ገና ክዳኑን ሳይከፍት የቢራ ፋብሪካውን ይከፍታል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ትልቅ ጋን ነበር። በሁለተኛው ዓመት ጋኖቹ በዙ። ቆይቶም የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ከቢሮው ወርዶ ጨበጠው። ሰፊዋ አዳዲሶቹን ጭማሪዎች የምትሰማው ቀሚስ ሊለኩ ከሚመጡ ደንበኞቿ ነው፤ አፏ ውስጥ መርፌ ስለምትይዝ ዝም ብላ ትሰማቸዋለች።

«ማስረጃው ይኸውና» አለች እህትየው።

ተነስታ ቡፌውን ከፈተች። ከጌጥ ብርጭቆዎቹ መሃል ያልተከፈተ የቢራ ጠርሙስ ቆሟል፤ የተጻፈበት ወረቀት ወደ ግድግዳው ዞሮ። እህትየው «ማነው ደግሞ ፊቱን ያዞረው?» ብላ ወደ ሰፊዋ ገላመጠችና ጠርሙሱን ወደ እንግዶቹ መለሰችው። ጽሕፈቱ በባዕድ ፊደል ነው።

«‹ለክብር እንግዳችን› ነው የሚለው» አለች። «ለማንም አይሰጡትም። መርጠው ነው።»

ባልደረቦቹ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰፊዋ ቦርሳዋን ጠበቅ አደረገች። የክብር እንግዳ የሚል አንድም ፊደል እንደሌለበት ከባሏ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ያ ጠርሙስ ባልና ሚስቱን ሲያዋጋ የኖረ ነገር ነው። እሷ አቧራ ስትጠርግ ፊቱን ወደ ግድግዳ ታዞረዋለች። እሱ ከሥራ ሲገባ ቡፌውን ከፍቶ፣ ምንም ሳይናገር፣ ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። በማግስቱ እሷ ታዞራለች፤ ማታ እሱ ይመልሳል። ስለዚህ ነገር አንድም ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

እንግዶቹ ሲወጡ እህትየው መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ወንድሟ ልጅ አልነበረውምና መታሰቢያው ለሥጋ ዘመዶቹ ይገባል የሚል ነገር ጀመረች። ለቅሶው ሲጠቃለል ጠርሙሱ ይከፈት፤ ቤተ ዘመድ አንዳንድ ጉንጭ ይቅመስለት አለች። ለክርክር ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው።

«ውሰጂው» አለች ሰፊዋ። «ከፈለግሽ ዛሬውኑ ክፈችው። ኮምጣጤ ሆኖ ነው የሚጠብቅሽ።»

እህትየው ቅር አላት። ያዘጋጀችው ንግግር ባከነባት።

ለሰፊዋ ያ ጉዞ ሌላ ነገር ነበር። በዚያ ከተማ አንድ መንገድ ሙሉ ከዳር እስከ ዳር የጨርቅ ሱቅ ብቻ እንደሆነ ሰምታለች። ሐሩን፣ ሱፉን፣ ዳንቴሉን በእጇ ዳስሳ ለመመለስ ነበር ሐሳቧ፤ ባትገዛም። የመጨረሻዋን ቀን ለዚያ አስቀምጣ፣ ጠዋት ለባብሳ ስትወርድ፣ ባሏ የሆቴሉ መግቢያ ላይ ሁለት ትኬት እያራገበ ጠበቃት። የቢራ ፋብሪካ። ለዚያውም ግማሽ ብርጭቆ ሳይጨርስ ዐይኑ የሚሰባበር ሰው።

«ጨርቅ ቤታችን ሞልቷል» አላት። «እዚያ ግን አንድ ነገር አለ፤ ስንደርስ ታዪዋለሽ።»

ፋብሪካው ድሮ ቢራ ይጠመቅበት ነበር። አሁን ጠመቃው ከከተማ ውጭ ወጥቷል፤ እዚያ የሚጠመቀው ጎብኚ ብቻ ነው። ቤት የሚያክሉ የመዳብ ጋኖች ተወልውለው ያብለጨልጫሉ፤ ውስጣቸው ባዶ። ሰው ተሰልፎ ባዶ ጋን እየዞረ «ወይ ጉድ» ይላል። ባሏ ደግሞ ከዚያ ሁሉ የተወለወለ ነገር መሃል ግድግዳ ሥር ያለች የውሃ ቆጣሪ አገኘ። ዘመድ ያገኘ ያህል ደስ አለው። ቆጣሪዋ አጠገብ ተንበርክኮ «አንሺኝ» አላት። ከኋላቸው የቆመው ሰልፍ ሁሉ ይህ ምን ብርቅ ነገር ነው እያለ ቆጣሪዋን ፎቶ ማንሳት ጀመረ። ሰፊዋ መሬት ብትውጣት አልጠላችም።

ቀጥሎ ጨለማ ክፍል አስገቧቸው። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ ከላይ ውሃ ተረጨባቸው፤ ከጎን እንፋሎት ተለቀቀባቸው። ገብሱ የሚደርስበት ሁሉ እንዲደርስባቸው ነው አሉ። ለጉዞው ስትል የተሠራችው ፀጉሯ እዚያው ሟሸሸ። መብራቱ ሲበራ የሰው ሁሉ ስልክ ማጉያው የተናገረውን ይተረጉማል፦ እንኳን ደስ አላችሁ፣ አሁን ቢራ ናችሁ። ባሏ አጨበጨበ። እንደሱ ከልቡ ያጨበጨበ አንድም ሰው አልነበረም።

መጨረሻው ላይ ለየሰዉ ብርጭቆ ቢራ ሰጡ። እሱ የራሱን ቀመስ አድርጎ ተወው። እሷ የራሷን በንዴት ጠጣችና የሱንም ደገመችው። ያኔ ነው እጇን ይዞ ወደ መሸጫው ጠረጴዛ የወሰዳት። እዚያ ጠርሙስ ላይ የፈለጉትን ቃል ያትማሉ። ሰዉ ሁሉ የራሱን ስም ነበር የሚያሳትመው። እሷም የሱን ስም ሊያሳትም መስሏት አፏን አጣመመች።

እሱ ግን ስልኩን አወጣና በራሳችን ፊደል «ሆዴ» ብሎ ጻፈ። ካገባት ጀምሮ የሚጠራት እንዲያ ነው። ከሥራ ሲመለስ ገና በሩን ሳይከፍት «ሆዴ» ይላል፤ እሷም የስፌት መኪናዋን ታቆማለች። ስልኩ እንደ ስልክ ተረጎመው። እሱ የወጣውን ቃል ፊደል በፊደል ገልብጦ ሰጠ። ቀይ ሸሚዝ የለበሰችው ሻጭ አነበበችው፤ ቀና ብላ አየችው፤ አንድ ነገር ጠየቀችው። እሱ ያልገባው ነገር ሲገጥመው እንደሚያደርገው ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ልጅቷ ደግማ ጠየቀች፤ ደግሞ ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ጓዳ ሮጣ በትሪ ላይ አንድ ክኒንና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛለት መጣች።

ቱሪስቱ የግብዣው አካል መሰለው። እጅ ነስቶ ክኒኑን ዋጠ።

ከኋላ የቆመ አንድ ወፍራም ሰውዬ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ እየተጠማዘዘ ለጓደኞቹ አሳያቸው። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። የሆድ ዕቃ የሚል ቃል ጠርሙስ ላይ ያሳተመ ሰውና የሆድ ቁርጠት ክኒኑ። ሰፊዋ ያኔ ገባት። ባሏ ግን ጠርሙሱን ታቅፎ ከሳቂዎቹ ጋር ይስቅ ነበር።

ሆቴል ሲደርሱ እርጥብ ፀጉሯን እየጨመቀች «ሁለተኛ በዚህ ስም እንዳትጠራኝ» አለችው።

«ላንቺ ብዬ ነበር እኮ» አላት።

«እንዳትጠራኝ።»

«እሺ» አለ። እሺ ያለውን የሚያፈርስ ሰው አልነበረም፤ ይህን እንኳ አትክድም። ከዚያ ወዲህ ሲጠራት «ስሚ» ነው። ማታ ሲገባ ከድምፁ ይልቅ የምትሰማው የበሩን ማጠፊያ ጩኸት ሆነ። መጀመሪያ ቀለል ብሏት ነበር። ቆይቶ ሰው መግባቱን ሳታውቅ ትደነግጥ ጀመር፤ ሆኖም ለመመለስ እሷም ኩሩ ነበረች። ለሰፈሩ ያንን ሁሉ ሲያወራ ስለ ክኒኑና ስለ ቃሉ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለም። ጠርሙሱ ምን ይላል ሲሉት «ለክብር እንግዳችን» ይላቸዋል። ለዚህ ውሸቱም ስትንቀው ኖረች።

የሞተው በልቡ ነው። ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ ሐኪሙ ልቡ ደክሟል ብሎ ነግሯታል። በሞተበት ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ የአንሶላውን የተተረተረ ጠርዝ እያየች፣ እንዲህ ያለ ስፌት ማን ይሠራል እያለች ነበር። ባሏ አፉ ላይ የተደረገለትን የአየር መስጫ በጣቱ ገለጥ አድርጎ «ሆዴ» አለ።

እሷም ነርሷን ጠርታ «ሆዱን አሞታል» አለቻት።

የሆድ ሽሮፕ ከሆስፒታሉ ስላለቀ ከመንገዱ ማዶ ካለው ፋርማሲ እንድትገዛ ተነገራት። ልቡ ሳያንስ ደግሞ ሆዱን ጨመረበት እያለች ወረደች። ፋርማሲው ወረፋ ነበረው። ስትመለስ የአልጋው መጋረጃ ተስቧል። ሐኪሙ መድኃኒቱ ደረሰም አልደረሰም ያው ነበር አላት። እሷም ሽሮፑን ከነከረጢቱ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሽሮፑ እስካሁን እዚያው ነው። ሆዱን አሞት ነበር፤ መድኃኒቱም ይኸው፤ አለቀ። ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም። ከልክላው የለ? ሐሳቧ ወደዚያ ሊሄድ ሲል ቦርሳውን ጠበቅ ታደርገውና የጎረቤቶቿን ጫማ ትታዘባለች። ሰውየው ሆዱን አሞት ከሆነ ጠርሙሱ የቂል ዕቃ ነው፤ ማንም ይጠጣው። ሰውየው የጠራው እሷን ከሆነ ግን... እዚህ ጋ ስትደርስ ተነስታ ሻይ ትቀዳለች።

ለቅሶው በሚጠቃለልበት ቀን የኪራይ ወንበሮቹ ግማሾቹ በር ላይ ተደርድረው ነበር። እህትየው ትንንሽ ብርጭቆዎች በትሪ ደርድራ፣ ጠርሙሱን አውርዳ፣ መክፈቻ በእጇ ይዛ ቆማለች። ዘመዶች ተሰብስበዋል። ያ ዳቦ ወዳዱ ሽማግሌ ከፊት ተቀምጧል።

የሆስፒታሏ ነርስ የገባችው በዚህ መሃል ነው። ከሥራ በቀጥታ መምጣቷ ከነጭ ጫማዋ ያስታውቃል። የዚያው ሰፈር ሰው ናት፤ ቆጣሪዋን ያነብላት የነበረው ሟች ነው። እግዜር ያጥናዎት ብላ ሰፊዋ አጠገብ ተቀመጠችና፣ ፈረቃዋ ተደራርቦ ቀብር ላይ ባለመድረሷ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

«እትዬ፣ የሆዳቸው ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። እርስዎ ወደ ፋርማሲ ሲወርዱ ነካክቼ አየሁት። ምንም የለበትም፤ ለስላሳ ነው። እጄን ቀስ አድርገው ገለል አደረጉና ደግመው ያንኑ አሉ።»

«ምን አለ?» አለች ሰፊዋ።

«ያንኑ ነዋ፤ ሆዴ።»

«ሆዴን ነው ያለው።»

«አይ። ሆዴን ቢሉማ የቱ ጋ ብዬ እጠይቃቸው ነበር። ሆዴ ነው ያሉት፤ ሰው ሲጠሩ ዓይነት። ደግሞ እኔን አላዩኝም። እስኪያርፉ ድረስ በሩን ነበር የሚያዩት።»

አንዲት «ን»። ያመመው ሰው «ሆዴን» ይላል፤ ማንም ይህን ያውቃል፣ አፉን የሚፈታ ሕፃን ሳይቀር። ባሏ ያቺን «ን» አላላትም። «ን»ን የጨመረችበት እሷ ናት። ቀይ ሸሚዝ የለበሰችው ልጅ ቋንቋውን ስለማታውቅ ነው ክኒን ይዛ የሮጠችው። እሷ ግን በዚያ ቃል ስትጠራ ኖራ፣ ስትጠራ የስፌት መኪናዋን ስታቆም ኖራ፣ በመጨረሻው ሰዓት ሲጠራት መድኃኒት ልትገዛ ወጣች። ሰዉን ሁሉ ስታይበት የሰነበተችው ዐይን ዞሮ ራሷን አየ፤ ያየውንም ናቀ። ከዚያ ሆዷ ባባ። እንባው ሳታስበው መጣ፤ ድምፅ አልነበረውም፤ ዝም ብሎ ወረደ።

የመክፈቻው ብረት የጠርሙሱን ቆርኪ ሲነካ ሰማች።

«አትክፈችው» አለች።

እህትየው ዞረች። «ምን አልሽ? ቃል ገብተሽልኛል እኮ።»

«ገብቻለሁ። አትክፈችው።»

«ለክብር እንግዳ የተሰጠ ነገር ቤተ ዘመድ ባይቀምሰው...»

«የክብር እንግዳ አይልም» አለች ሰፊዋ ተነስታ። «ዋሽቷችሁ ነው። እኔን እንዳያሳፍር ብሎ ነው የዋሸው።»

«ታዲያ ምን ይላል?»

መጋረጃ ዳባሿ ጎረቤት እጇን ከጨርቁ ላይ አነሳች።

«ሆዴ ነው የሚለው» አለች ሰፊዋ። «እኔን ነው።»

እህትየው አፏን ከፈተች። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጨምረው ነገር አጣች። መክፈቻውን ትሪው ላይ አስቀመጠችና ጠርሙሱን በሁለት እጇ አቀበለቻት።

ሰፊዋ ጠርሙሱን ብብቷ ሥር ይዛ ቦርሳዋን ከፈተች። የተጨማደደውን የፋርማሲ ከረጢት አወጣችና ለነርሷ ሰጠቻት።

«ለሌላ በሽተኛ ይሁን ልጄ» አለቻት። «እሱን ያመመው ሆዱን አልነበረም።»

ባዶውን ቦርሳ ወንበሩ ላይ ትታው ወደ ቡፌው ሄደች። ጠርሙሱን ከጌጥ ብርጭቆዎቹ መሃል፣ በቦታው አስቀመጠችው። እጇ እንደለመደው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። የቡፌውን መስታወት ሳትዘጋ ቆመች። ሁልጊዜ እሷ ካዞረችው በኋላ መጥቶ የሚመልሰው ሰው ነበር። ትንሽ ጠበቀች።

ከዚያ እጇን ሰደደችና፣ ራሷ፣ ቀስ አድርጋ ወደ ክፍሉ መለሰችው።